ሁሉም በአንድ ደቂቃ ሲገባ፦ የበርክሊው ዳታሀብ የጉዳይ ጥናት

የኮዲንግ ዎርክሾፕ የመጀመሪያዋ ሰዓት ብዙ ጊዜ ለትምህርት አትውልም። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ፓይተን ሁለት ጊዜ ተጭኖ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ሌላው ላይ ጨርሶ የለም፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስለሆነ ባለቤቱ ምንም ለመጫን ፈቃድ የለውም፣ አራተኛው ሰው ታብሌት ይዞ መጥቷል። አስተማሪው ከወንበር ወንበር ሲዞር ሰዓቱ ያልቃል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ሶፍትዌሩን ክላውድ ላይ አዘጋጅቶ ለተሳታፊው አንድ ሊንክ መስጠት። ይህ ግን ችግሩን አያጠፋውም፤ ከየላፕቶፑ ላይ አንስቶ አንድ ቦታ ይከምረዋል። የተከመረበት ቦታ ሲሰበር ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ይቆማል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከደቂቃው ጋር ተመዝግቦ የሚገኝበት ጉዳይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ዳታሀብ፣ ተማሪዎች በብራውዘር ብቻ ኮድ የሚጽፉበት ስርዓት፣ ነው። አስተዳዳሪዎቹ ብልሽት በደረሰ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነና ምን እንዳደረጉ ጽፈው ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ተቋም ጥቂት ነው። በተለይ የ2017 የመጀመሪያ ወራት መዝገብ ለዎርክሾፕ አዘጋጅ ትልቅ ትምህርት አለው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጉዳዩ

ዳታ 8 የሚባለው የዳታ ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በ2015 መጸው 100 ያህል ተማሪዎችን ይዞ በሙከራ ተጀመረ። የታሰበው ፕሮግራሚንግ ነክተው ለማያውቁ፣ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ለሚመጡ ተማሪዎች ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ይህንና ያንን ጫኑ» ብሎ መጀመር ከኮርሱ ሐሳብ ጋር ይጣላል። ተማሪው ብራውዘር ከፍቶ በዩኒቨርሲቲው አካውንት ሲገባ ፓይተኑም፣ ፓኬጆቹም፣ የሳምንቱ ዳታም ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንድ ሴሚስተር ተማሪ ከ1,000 አለፈ። ስርዓቱም፣ ዳታሀብ፣ ኩበርኔቲስ (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሥራን የሚደለድል ሶፍትዌር) ላይ የተተከለ ጁፒተርሀብ ሆነ፤ ይኸውም ጁፒተርን፣ ኮድና ጽሑፍ አብረው የሚቀመጡባቸውን ኖትቡኮች በብራውዘር የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ ለብዙ ሰው የሚያቀርብ ነው። ዛሬ ይህንኑ ለመትከል ብዙው ሰው የሚከተለው «ዜሮ ቱ ጁፒተርሀብ» የተባለው መመሪያ የወጣው ከዚሁ ሥራ ነው።

የሴሚስተር ኮርስ ዎርክሾፕ አይደለም፤ ፈተናቸው ግን አንድ ነው። ድረ ገጽ የሚጎበኝ ሰው ተበታትኖ ነው የሚመጣው። የላብ ክፍለ ጊዜ ወይም ዎርክሾፕ ላይ ግን አስተማሪው «አሁን ሊንኩን ክፈቱ» ሲል ሁሉም እኩል ይጫናል። ሰርቨሩን የሚፈትነው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የሰው እኩል መምጣት ነው።

ሊንኩ ሲነካ

የብልሽቶቹን ምክንያት ለመረዳት ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከፊት ፕሮክሲ አለ፤ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ተቀብሎ ወደየባለቤቱ ሰርቨር የሚመራ በረኛ ነው። ከኋላው ሀቡ አለ፤ ማን እንደገባ የሚያረጋግጥ፣ የማን ሰርቨር እንደተነሳ የሚመዘግብ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ደግሞ የራሱ ፖድ አለ፤ ውስጡ ጁፒተር የሚሠራበት፣ የራሱ ሚሞሪ የተመደበለት ኮንቴይነር (ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሄድ የሶፍትዌር ሳጥን)። ፖዶቹ የሚያርፉባቸው ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ኖድ ይባላሉ።

ተሳታፊው ሲገባ ሀቡ ኩበርኔቲስን አዲስ ፖድ ይጠይቃል። ኩበርኔቲስ በቂ ባዶ ሚሞሪ ያለው ኖድ ይፈልጋል። የተሳታፊው የግል ዲስክ ከዚያ ኖድ ጋር ይያያዛል። የሶፍትዌሩ ኢሜጅ (ፓይተኑና ፓኬጆቹ አንድ ላይ የታሸጉበት ቅጂ) ኖዱ ላይ ከሌለ ይወርዳል። ኮንቴይነሩ ይነሳል፣ ጁፒተር መልስ መስጠት ይጀምራል፣ ሀቡም አዲሱን መንገድ ለፕሮክሲው ያስመዘግባል። ሁሉም በቦታው ካለ ይህ በሰከንዶች ያልቃል። ካልሆነ ጁፒተርሀብ እንደ ዜሮ ቱ ጁፒተርሀብ መነሻ ቅንብር 300 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። 300 ሰከንድ ስክሪን ላይ የሚሽከረከር ምልክት ማየት ለጀማሪ ዘላለም ነው። ብዙዎቹ ገጹን ደጋግመው ያድሳሉ፤ ይህም በተጨናነቀው ሀብ ላይ ተጨማሪ ጥያቄ ከማዝነብ በቀር አይጠቅማቸውም።

ሚሞሪ ይገድላል፣ ፕሮሰሰር ያዘገያል

የስሌቱ ሁሉ መነሻ ይህ ልዩነት ነው። ፕሮሰሰር ሲጣበብ ሥራ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ 20 ሰዎች 4 ኮር ቢጋሩ አብዛኛውን ጊዜ ኮድ እያነበቡና እየጻፉ ስለሆነ አይሰማቸውም። ሚሞሪ ግን አይለጠጥም። ከጣሪያው ያለፈውን ፕሮሰስ ሊኑክስ ወዲያው ይገድለዋል። ጁፒተር «ከርነሉ (ኮዱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሞቷል፣ እንደገና ይነሳል» ይላል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ተሳታፊው የጻፈው ኮድ የተሳሳተ ይመስለዋል፣ ያንኑ መስመር እንደገና ያስኬዳል፣ እንደገና ይሞታል።

ለእያንዳንዱ ፖድ ሁለት ቁጥሮች ይሰጣሉ። አንደኛው ዋስትና ነው፦ ኖዱ ላይ ለዚያ ሰው የሚቀመጥለት። ሁለተኛው ጣሪያ ነው፦ ካለፈው የሚገደልበት። ኩበርኔቲስ ቦታ ሲደለድል የሚያየው ዋስትናውን ብቻ ነው። ዋስትናው 512 ሜጋባይት፣ ጣሪያው 2 ጊጋባይት ከሆነ አንድ ኖድ ላይ ብዙ ሰው ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትልቁን ዳታ ከጫኑ ግን ኖዱ ራሱ ይታፈናል። በኮርስ ላይ ይህ ጨዋታ ያዋጣል፣ ተማሪው በተለያየ ሰዓት ስለሚሠራ። በዎርክሾፕ ላይ ሁሉም ያንኑ ሕዋስ (የኖትቡኩን አንድ የኮድ ክፍል) በዚያው ደቂቃ ስለሚያስኬድ ዋስትናና ጣሪያን እኩል ማድረግ ይሻላል። ውድ ነው፤ ለሁለት ቀን ግን ይቻላል።

ቁጥሩን በግምት መወሰን አያስፈልግም። ትምህርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከርነል ሳይዘጉ፣ እንደ ተሳታፊ ማስኬድና ከፍተኛውን የሚሞሪ መጠን መመዝገብ ይበቃል። «ሳይዘጉ» የሚለው ቁልፉ ነው። የኖትቡክን ታብ መዝጋት ከርነሉን አይዘጋውም፤ ሦስት ኖትቡክ የከፈተ ሰው ሦስት ከርነል ተሸክሟል፣ የጠዋቱ ዳታም ከሰዓት በኋላ ሚሞሪ ላይ ነው። አስተማሪው እያንዳንዱን ኖትቡክ ለየብቻው ሞክሮ «700 ሜጋባይት ይበቃል» ካለ፣ ችግሩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ከፍተኛውን ለክቶ ግማሹን መጨመር ልምድ ያጸደቀው መጠን ነው።

ማርች 20፣ 2017

በሴሚስተሩ አጋማሽ ማርች 18 ላይ የዳታሀብ አስተዳዳሪዎች ወጪ ለመቀነስ የእያንዳንዱን ተማሪ የሚሞሪ ድርሻ ከ2 ጊጋባይት ወደ 1 አወረዱት። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ተማሪዎቹ 2 ጊጋባይት አያስፈልጋቸውም። የኖዶቹ መጠን ግን እንደነበረ ቀረ፦ 26 ጊጋባይት። ቅዳሜና እሑድ ምንም አልተሰማም።

ሰኞ ማርች 20 አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች የ500 ስህተት (ችግሩ ከሰርቨሩ መሆኑን የሚያሳይ መልእክት) ያዩ ጀመር። ፖዶቻቸው «በመጠባበቅ ላይ» እንዳሉ ደርቀዋል። ሚሞሪ ቢታይ ሞልቷል የሚባል ኖድ የለም። ታዲያ ለምን ቦታ አጡ?

ስሌቱ ሲሠራ ነገሩ ግልጽ ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ዲስክ አለው፤ ፖዱ ሲነሳ ዲስኩ ከኖዱ ጋር ይያያዛል። በዚያን ጊዜ ኩበርኔቲስ በአንድ ኖድ ላይ የሚያያይዘው የጉግል ዲስክ በመነሻ ቅንብሩ ከ16 አይበልጥም ነበር። ድርሻው 2 ጊጋባይት ሳለ 26 ጊጋባይት ኖድ ላይ ቢበዛ 13 ሰው ይገባል፤ 13 ከ16 በታች ስለሆነ የዲስኩ ገደብ መኖሩም አይታወቅም። ድርሻው 1 ሲሆን 26 ሰው ይገባል ተብሎ ይታሰባል፤ 17ኛው ግን ሚሞሪ እያለለት ዲስኩን የሚሰካበት ቀዳዳ የለም። የሚሞሪው ጣሪያ ለሴሚስተሩ እኩሌታ የዲስኩን ጣሪያ ሸፍኖት ኖሯል።

ይህ ብልሽት ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ለዚህ ነው። ማንም አልተሳሳተም። አንዱ ገደብ ሲነሳ ቀጥሎ ያለው ብቅ አለ እንጂ። ስለ ሚሞሪ ብቻ የሚያስብ አዘጋጅ የቀሩትን ጣሪያዎች በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ኩበርኔቲስ በመነሻ ቅንብሩ በአንድ ኖድ ላይ ከ110 ፖድ በላይ አያሳርፍም፤ ከእነዚያም ጥቂቱን የስርዓቱ የራሱ ፖዶች ይወስዳሉ። ስለዚህ 256 ጊጋባይት ኖድ ተከራይቶ «1 ጊጋባይት ሲደርሳቸው 250 ሰው» ማለት አይሠራም። የክላውድ አካውንቱ ራሱ ኮታ አለው፦ በአንድ አካባቢ ይህን ያህል ኮር፣ ይህን ያህል ዲስክ፣ ይህን ያህል የኢንተርኔት አድራሻ። አዲስ አካውንት ላይ ኮታው ትንሽ ነው፤ ማስጨመሪያ ጥያቄውን ሰው አይቶ የሚፈቅድበት ጊዜ ስላለ ሳምንት ቀድሞ ማቅረብ ይገባል።

ዳታሀብ በኋላ ከየግል ዲስክ ወጥቶ የሁሉም ሰው ፎልደር በአንድ የኤንኤፍኤስ ሰርቨር (ፎልደሮችን በኔትወርክ የሚያጋራ ኮምፒውተር) ላይ ወደሚቀመጥበት አሠራር ዞረ። የመያያዝ ገደቡ በዚህ ጠፋ፣ ፖድም ፈጥኖ ይነሳል። በምትኩ የኤንኤፍኤስ ሰርቨሩ ሲዘገይ ሁሉም አንድ ላይ ይዘገያል። ይህም የሚታይበት መንገድ አሳሳች ነው፦ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ፣ ሚሞሪው ተርፎ፣ ሰው ሁሉ «ደረቀብኝ» ይላል።

ከእረፍት መልስ

ኤፕሪል 3 ተማሪዎች ከአንድ ሳምንት እረፍት ተመለሱ። በእረፍቱ ሳምንት ተጠቃሚ ስለሌለ ኖዶቹ ተቀንሰው ነበር። ተማሪው ሲጎርፍ ኖዶችን መጨመር የነበረበት የራሳቸው ትንሽ አውቶስኬለር በአንድ ጥሪ ላይ ተሰንቅሮ ቆሞ ነበር። ክላስተሩ (የኖዶቹ ስብስብ) በጊዜ አላደገም፣ ብዙዎች ሰርቨራቸው አልነሳ አላቸው። አስተዳዳሪዎቹ ኖዶችን በእጅ ጨምረው፣ የደረቁትን ፖዶች አጥፍተው ሥራው ቀጠለ።

አውቶስኬለሩ ባይሰነቀርም እንኳ ለዎርክሾፕ ብዙ አይረዳም። አውቶስኬለር ሥራ የሚጀምረው ቦታ ያጣ ፖድ ሲያይ ነው፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። አዲስ ኖድ ተነስቶ ክላስተሩን እስኪቀላቀል ደቂቃዎች ይፈጃል። ከዚያ ኢሜጁ መውረድ አለበት፤ ሳይንሳዊ ፓኬጆች የታጨቁበት ኢሜጅ ብዙ ጊጋባይት ስለሚሆን፣ ማውረዱና መፈታቱ ሌላ ደቂቃዎች ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 300 ሰከንዷ ታልቃለች።

ዜሮ ቱ ጁፒተርሀብ ለዚህ ሁለት መሣሪያ አለው። አንደኛው ኢሜጁን ተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት በየኖዱ የሚያወርደው ፕሪፑለር ነው። ሁለተኛው ቦታ ያዥ ፖድ ይባላል፦ ምንም የማይሠራ፣ ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነ፣ የአንድ ተጠቃሚን ያህል ቦታ ይዞ የሚቀመጥ ፖድ። እውነተኛ ተጠቃሚ ሲመጣ ቦታ ያዡ ተነስቶ ቦታውን ይለቅለታል፤ የተባረረው ቦታ ያዥ ቦታ ሲያጣ ደግሞ አውቶስኬለሩ አዲስ ኖድ ያስነሳል። ሰዉ ሳይጠብቅ ክላስተሩ ያድጋል።

ሰዓቱ የታወቀ ዎርክሾፕ ላይ ግን ከሁሉም ቀላሉ ይበልጣል። ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት የኖዶቹን ዝቅተኛ ቁጥር ለተሳታፊው ሁሉ በሚበቃ መጠን ላይ ማሰር፣ ማታ መልሶ ማውረድ። 60 ሰው፣ በየሰው 2 ጊጋባይት፣ ኖዱ 32 ጊጋባይት ከሆነ፣ ከኖዱ ለስርዓቱ የሚሄደው ተቀንሶ 14 ሰው ይይዛል ብሎ ማስላት ይሻላል፤ 5 ኖድ፣ አንድ ለመጠባበቂያ ጨምሮ 6። ከቅልጥፍና አንጻር አያምርም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ግን የሚቆጭበት አይኖርም።

በሩ ሲወድቅ

ፌብሩዋሪ 23 ምሽት ላይ የደረሰው ደግሞ የፕሮክሲው ነው። ፕሮክሲው ወድቆ ተነሳ። ሲነሳ ግን ባዶ የመንገዶች ሰንጠረዥ ይዞ ነው፤ የማን ሰርቨር የት እንዳለ ማስታወሻው ጠፍቷል። ሀቡ መንገዶቹን አንድ በአንድ መልሶ እስኪያስመዘግብ ድረስ፣ ሰርቨራቸው በሕይወት ያሉ ተማሪዎች ስህተት አዩ። የጥቂቶቹ በእጅ መነሳት ነበረበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ አዘጋጅ የሚይዘው ሁለት ነገር አለ። ሀቡና ፕሮክሲው ከተሳታፊዎች ፖድ በተለየ ኖድ ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ተሳታፊ ሚሞሪ ሲያሟጥጥ በሩን ይዞ እንዳይወድቅ። ሁለተኛ፣ የተሳታፊው ሥራ ዲስኩ ላይ ነው። በሩ ቢወድቅ የተቀመጠ ፋይል አይጠፋም፣ የከርነሉ ሁኔታም ብዙ ጊዜ አለ። ይህን ለክፍሉ ጮክ ብሎ መናገር ድንጋጤውን ግማሽ ያደርገዋል።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ ትንሽ ቅንብር አለች። ዜሮ ቱ ጁፒተርሀብ አምስት ሰርቨሮች በተከታታይ መነሳት ካቃታቸው ሀቡ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ ያደርጋል። በመደበኛ ቀን ብልህ ነገር ነው። በዎርክሾፕ ጠዋት ግን ኖድ ስለዘገየ ብቻ አምስት ሰው ካልተሳካለት፣ ሀቡ በመግቢያው ሰዓት መሐል ይጠፋል። ለዚያ ቀን ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ጉዳት የለውም።

ሜይ 9

ከሁሉም የከፋው ብልሽት ቴክኒካዊ አልነበረም። ሜይ 9 ላይ የፕሮጀክቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ታገዱ፤ ዳታሀብም አጠገቡ ያሉት የሌሎች ኮርሶች ሀቦችም አልደረስ አሉ። ሂሳቡ ይከፈል የነበረው ከድጋፍ ገንዘብ ነበር፣ ገንዘቡም አልቆ ነበር። ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ከተዛወረ በኋላ ሁሉም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ለስልጠና የሚሰጥ የክላውድ ክሬዲት የሚያልቅበት ቀንም መጠንም አለው፤ ሁለቱንም ያየ ሰው ያስፈልጋል። የወጪ ማስጠንቀቂያ በግማሽ፣ በ80 እና በ95 በመቶ ላይ ይደረጋል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ኢሜይል ግን አካውንቱን የከፈተው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው እረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዱ ዎርክሾፑ ላይ የሚገኝ።

ትምህርቱን ማድረስ

ሰርቨሩ ተነሳ እንበል። ኖትቡኮቹ እንዴት ይገባሉ? ጀማሪን ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብና የሚያጋራ መሣሪያ) ማስተማር የዚያ ቀን ሥራ አይደለም። የዳታ 8 መልስ ኤንቢጊትፑለር ነው፦ ሊንኩ ራሱ የጊት ማከማቻውን አድራሻ ይዟል፤ ተሳታፊው ሲነካው ፋይሎቹ ወደ ፎልደሩ ይወርዱና ኖትቡኩ ይከፈታል። በማግስቱ ያንኑ ሊንክ ቢነካ አዲሱ ብቻ ይጨመራል።

ብልሃቱ ያለው ግጭት ሲፈጠር ነው። ተሳታፊው የቀየረውን መስመር አስተማሪውም ከቀየረው፣ የተሳታፊው ይጸናል። ተሳታፊው ፋይል ካጠፋ፣ ሊንኩን ሲነካ ይመለስለታል። በዚያው ስም የራሱን ፋይል ፈጥሮ ከሆነ፣ የእሱ በሰዓት ምልክት ስሙ ተቀይሮ ይቀመጣል። ይህ ጥሩ ነው፤ አንድ መዘዝ ግን አለው። አስተማሪው ማታ በኖትቡክ 3 ውስጥ ስህተት አርሞ ቢልክ፣ ያንን ሕዋስ የነኩ ተሳታፊዎች እርማቱ አይደርሳቸውም፣ ያልነኩት ይደርሳቸዋል፤ ጠዋት ክፍሉ ሁለት ዓይነት ኖትቡክ ይዞ ይቀመጣል። እርማት በአዲስ የፋይል ስም መላክ ይህን ያስቀራል። ትልቅ ዳታም በጊት አይሂድ፤ 300 ሜጋባይት ፋይል 60 ጊዜ ማውረድ ጠዋቱን ይበላዋል። ማንበብ ብቻ በሚቻል የጋራ ፎልደር ላይ አንድ ጊዜ ይቀመጥ።

ኢሜጁን በተመለከተ፣ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ቨርዥን በቁጥር ይታሰር፤ «የመጨረሻው» የሚል ምልክት ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት ተገንብቶ ይቆለፍ። ዶከር ሀብ (የኢሜጆች የኢንተርኔት ማከማቻ) ከ2020 ጀምሮ በማውረድ ላይ ገደብ ስላለው፣ ኢሜጁን ክላስተሩ ባለበት ክላውድ ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ተሳታፊው ራሱ ፓኬጅ ሲጭንስ? ይጭናል፣ መከልከልም አያስፈልግም። ችግሩ ጭነቱ የግል ፎልደሩ ውስጥ ካረፈ የኢሜጁን ፓኬጅ ይሸፍነዋል። በሆም ፎልደሩ ውስጥ በተደበቀው የሎካል ፎልደር የተቀመጠ አዲስ ቨርዥን ከጁፒተር ራሱ ጋር ከተጣላ፣ የዚያ ሰው ሰርቨር ከዚያ በኋላ አይነሳም፤ ሌላ ፖድ ቢሰጠውም ፎልደሩ አብሮት ስለሚሄድ ያው ነው። መድኃኒቱ ከአስተዳዳሪ በኩል ገብቶ የዚያን ፎልደር ስም መቀየር ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሞላ ዲስክም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፦ ጁፒተር ሲነሳ የሚጽፋቸው ጥቃቅን ፋይሎች ቦታ ስለሚያጡ አይነሳም። የአንድ ሰው ሰርቨር ብቻ ካልነሳ እነዚህን ሁለቱን ቀድሞ ማየት ነው።

ወደ ትንሽ ዎርክሾፕ ሲመጣ

ለ40 ሰው ኩበርኔቲስ መትከል ጋሻ ለትንኝ ነው። ከ100 ሰው በታች ከሆነ ዘ ሊትለስት ጁፒተርሀብ የተባለው፣ በአንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ዓይነት ይበቃል። የመመሪያው ስሌት ቀጥተኛ ነው፦ እኩል የሚገቡት ሰዎች ብዛት በየሰው ከፍተኛ ሚሞሪ ተባዝቶ፣ 128 ሜጋባይት ተደምሮበት። 40 ሰው በ1.5 ጊጋባይት 60 ጊጋባይት ነው፤ 64 ጊጋባይት ሰርቨር ይይዘዋል። ለዲስክ የሰዎቹ ብዛት በየሰው ድርሻ ተባዝቶ 2 ጊጋባይት ይጨመርበታል። ከዳታሀብ ብልሽቶች ብዙዎቹ እዚህ ቦታ የላቸውም፦ የሚያያዝ ዲስክ የለም፣ የሚጠበቅ ኖድ የለም። በአንጻሩ ሰርቨሩ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል፣ በሥራ መሐልም ማሳደግ አይቻልም። የሚሞሪ ጣሪያ ለየሰው ካልተቀመጠለት አንድ ሰው የጻፈው ማለቂያ የሌለው ዑደት የ39ኙን ቀን ያበላሻል።

ከጊት ማከማቻ ኖትቡክን በብራውዘር የሚከፍተው ነፃው የባይንደር አገልግሎት ደግሞ ለአጭር ሠርቶ ማሳያ መልካም ነው። ሚሞሪው በየሰው ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት፣ ለአንድ ማከማቻ እኩል የሚከፈተው 100 ገደማ፣ 10 ደቂቃ ያህል ዝም ያለ ክፍለ ጊዜም ይዘጋል፤ የተሠራውም አይቀመጥም። በ2023 የጉግል ክላውድ ድጋፉ ሲያበቃ አቅሙ ቀንሷል። ሰው ከፍሎ ለተመዘገበበት ሙሉ ቀን መሠረት ሊሆን አይገባም።

ለደህንነቱ ግንኙነት የምስክር ወረቀት ላይም ወጥመድ አለ። የምስክር ወረቀቱን በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኤንክሪፕት ለአንድ ስም ተመሳሳይ ምስክር ወረቀት በሳምንት ከ5 ጊዜ በላይ አይሰጥም። ሰርቨሩን እያፈረሰ እየገነባ የሚሞክር ሰው በዎርክሾፑ ዋዜማ ስድስተኛውን ሲጠይቅ ይከለከላል፣ ተሳታፊዎቹም ቀይ የማስጠንቀቂያ ገጽ ያያሉ። ሙከራው በሌላ ንዑስ ስም ይሁን።

በዕለቱ

ፈተናው በቢሮ ኔትወርክ ላይ ሳይሆን በአዳራሹ ዋይፋይ ይደረግ። ጁፒተር ከርነሉን የሚያነጋግረው በዌብሶኬት (ክፍት ሆኖ በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት በሚያስተላልፍ ግንኙነት) ነው፤ ዌብሶኬትን የሚያግድ ኔትወርክ ላይ ገጹ በሚገባ ይከፈታል፣ ኮዱ ግን አይሄድም፣ ሕዋሱ ገና እየሄደ መሆኑን የምታሳየው ኮከብ ምልክት እንዳለች ትቀራለች። ገጹ መከፈቱን አይቶ «ይሠራል» ያለ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ሕዋስ አስኪዶ መልሱን ማየት አለበት። የእኩል መግባትን ጫና ለመሞከር ደግሞ ከዚሁ ቡድን ሥራ የወጣ ሀብትራፍ የተባለ መሣሪያ አለ፤ የውሸት ተጠቃሚዎችን አስገብቶ ኮድ ያስኬዳል።

ዜሮ ቱ ጁፒተርሀብ በመነሻ ቅንብሩ ለአንድ ሰዓት ዝም ያለ ሰርቨርን ይዘጋል። ለኮርስ ጥሩ ነው። በዎርክሾፕ ግን ምሳው አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ከሆነ፣ ሁሉም ሰርቨሮች በምሳ ላይ ይዘጉና ከሰዓት በኋላ የጠዋቱ ግፊያ ይደገማል፤ ከዚያም በላይ የጠዋቱ ተለዋዋጮች ከከርነሉ ጋር ስለጠፉ ሁሉም ከመጀመሪያው ሕዋስ ማስኬድ አለበት። የዚያን ቀን ገደቡን 4 ሰዓት ማድረግ ነው። ክፍት የቀረ ታብ አንዳንዴ ሰርቨሩን እንደሚሠራ ስለሚያስቆጥረው የአንዳንዱ ይዘጋል የአንዳንዱ አይዘጋም፤ ክፍሉ ለምን ለሁለት እንደተከፈለ የማያውቅ አስተማሪ ብዙ ደቂቃ ያባክናል።

ማፍረስ

ተሳታፊዎች ሥራቸውን እንዲያወርዱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሰጣቸዋል፤ ኖዶቹ በዚያ ሳምንት ወደ አንድ ይወርዳሉ። ከዚያ ክላስተሩ ይጠፋል። እንደ አደራረጉ የየሰው ዲስክ፣ ሎድ ባላንሰሩ (ከኢንተርኔት የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው)ና የተያዘው ቋሚ አድራሻ ክላስተሩ ከጠፋ በኋላም ሊቀሩና መቁጠር ሊቀጥሉ ስለሚችሉ፣ በክላውዱ ገጽ ላይ የዲስኮችን፣ የአድራሻዎችንና የሎድ ባላንሰሮችን ዝርዝር ለየብቻ ከፍቶ ባዶ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን ሂሳብም አንድ ሰው በስሙ ተመድቦ ይፈትሸው።